እርሳስ፣ ወረቀትና የማይለወጠው ቁጥር፦ የማሪያን ሬየቭስኪ ጉዳይ

ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር መጻፊያ ማሽን ማን ሰበረው ቢባል፣ አብዛኛው ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት የእንግሊዛዊው የአለን ቱሪንግ ስም ነው። ቱሪንግ ትልቅ ሰው ነው፤ ከስሙ ላይ የምቀንሰው ነገር የለኝም። ይሁንና ቱሪንግ ካምብሪጅ ውስጥ ገና የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በ1932 መጨረሻ፣ ዋርሶ ውስጥ አንድ የ27 ዓመት ፖላንዳዊ የሒሳብ ሰው የጀርመን ጦር የሚጠቀምበትን ማሽን በዓይኑ ሳያይ የውስጥ ሽቦውን በእርሳስና በወረቀት አውጥቶት ነበር። ማሪያን ሬየቭስኪ ይባላል። ይህ ጽሑፍ እንዴት እንዳደረገውና ከዚያ በኋላ በሕይወቱ የደረሰውን ይከተላል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቢድጎሽች እስከ ዋርሶ

ሬየቭስኪ የተወለደው ኦገስት 16 ቀን 1905 ቢድጎሽች በተባለች ከተማ ነው። ያን ጊዜ ፖላንድ በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ከተማዋ በጀርመን ግዛት ሥር ስለነበረች ብሮምበርግ ተብላ ትጠራ ነበር። አባቱ የትምባሆ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ትምህርቱን የጀመረው በጀርመንኛ ነው። በዚያ ዘመን ይህ የገዢ ቋንቋ ነበር፤ በኋላ ግን ለሬየቭስኪ ዋና መሣሪያው ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ፖላንድ ዳግም አገር ሆነች። አዲሲቱ ፖላንድ በአንድ ወገን ጀርመን፣ በሌላ ወገን ሶቪየት ኅብረት ይዘዋት ስለነበር የጎረቤቶቿን የሬዲዮ መልእክት ማዳመጥ የህልውና ጉዳይ ሆነባት። የጦር ሠራዊቱ የምስጢር ጽሑፍ ቢሮ ጀርመኖች ሲላላኩ የነበረውን ለዓመታት ሲያነብ ቆይቶ፣ በ1928 የጀርመን ምድር ጦር ወደ ማሽን ሲዞር ጆሮው የሚሰማውን አእምሮው ሊፈታው አልቻለም።

እዚህ ላይ ቢሮው የወሰደው እርምጃ በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ትልቁ የአስተዳደር ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ዘመን ድረስ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺ ሲባል በየአገሩ የሚታሰበው የቋንቋ ሊቅ ወይም ጥንታዊ ጽሑፍ አዋቂ ነበር። ፖላንዶቹ ግን ማሽን የጻፈውን የሚፈታ የሒሳብ ሰው ሊሆን ይገባል ብለው በጃንዋሪ 1929 ፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምስጢራዊ ኮርስ ከፈቱ። ፖዝናንን የመረጡት ቀደም ሲል በጀርመን እጅ የነበረ አካባቢ በመሆኑና የሒሳብ ተማሪዎቹ ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ስለሚናገሩት ነው። ሃያ ያህል ተማሪዎች ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ገብተው ተመዘገቡ። ከመኮንኖቹ አንዱ ማክሲሚሊያን ቼንሽኪ፣ ከመሐንዲሶቹ ደግሞ አንቶኒ ፓሉት ከዋርሶ እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከዕለት ትምህርታቸው ጋር አልሄድ እያላቸው ተንጠባጠቡ። ከሁሉ ጎልተው የወጡት ሦስት ናቸው፦ ሬየቭስኪ፣ የዢ ሩዢትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ።

ሬየቭስኪ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። በማርች 1929 ዲግሪውን ይዞ ለኢንሹራንስ የሚሆን የስታትስቲክስ ሒሳብ ሊማር ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎቲንገን ሄደ። ጎቲንገን ያን ጊዜ የዓለም ሒሳብ ዋና ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ በፖዝናን ረዳት መምህር ሆነ፤ ጎን ለጎንም ቢሮው ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በከፈተው ምድር ቤት ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሠራ ጀመር። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1932 ሦስቱም ጓደኛሞች በዋርሶው የሳክሰን ቤተ መንግሥት በቋሚነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት መጸው ቼንሽኪ ሬየቭስኪን ለብቻው ጠርቶ የኤኒግማን ፋይል ሰጠው። ለሁለቱ ጓደኞቹ እንኳ እንዳይነግራቸው ታዘዘ፤ ሥራውንም ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ከሰዓት በኋላ ይሠራው ጀመር።

ማሽኑ

ኤኒግማ ከላይ ሲያዩት ታይፕራይተር ይመስላል። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በፊት ለፊት ባለው የመሰኪያ ሰሌዳ ያልፋል። እዚያ ላይ በዚያ ዘመን በስድስት ገመዶች ስድስት ጥንድ ፊደላት ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። ከዚያ ሦስት መዘውሮችን ይሻገራል፤ እያንዳንዱ መዘውር 26 መግቢያና 26 መውጫ ያለው፣ ውስጡ ሽቦው የተመሰቃቀለ ክብ ነው። መጨረሻ ላይ ካለው መላሽ ሲደርስ ይዞርና በሌላ መንገድ እስከ ሰሌዳው ተመልሶ አንዲት አምፖል ያበራል። የበራችው ፊደል የተለወጠችው ፊደል ናት። ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር የቀኙ መዘውር አንድ እርምጃ ስለሚዞር ያንኑ ፊደል ደግመው ቢጫኑት ሌላ ፊደል ይበራል።

የአንዱ መዘውር ሽቦ ሊሠራባቸው የሚችሉት መንገዶች ብዛት 26 ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 26 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ብዜት) ነው፤ ከ4 ቀጥሎ 26 ዜሮ ብትጽፉ ያህል። ስድስቱን ገመዶች መሰካት የሚቻልባቸው መንገዶች ደግሞ 100,391,791,500 ናቸው። ጀርመኖቹ በእነዚህ ቁጥሮች ተማምነው ተኙ። የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ የቁጥሩ ብዛት የሚያስፈራው በሩን አንድ በአንድ ለሚሞክር ሰው ብቻ ነው።

ድክመቱ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነበር። የዕለቱ ቁልፍ፣ ማለትም በዚያ ቀን ማሽኑ የሚሰናዳበት አቀማመጥ፣ ለሁሉም አንድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኦፕሬተር ለራሱ መልእክት የመዘውሮቹ መነሻ የሚሆኑ ሦስት ፊደላት ይመርጥና ማሽኑን በዕለቱ ቁልፍ አድርጎ እነዚያን ሦስት ፊደላት ሁለት ጊዜ ይጽፋቸዋል። ሁለቴ የሚጻፈው በሬዲዮ መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ ተቀባዩ እንዲያገኘው ተብሎ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቴሌግራም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት ሦስት ፊደል ሁለት ጊዜ ናቸው ማለት ነው፤ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው ጋር ዘመድ ናቸው። ጥንቃቄ ተብሎ የተደረገው ድግግሞሽ ለሬየቭስኪ በቂ ቀዳዳ ሆነለት።

በስምንት ፊደል እንየው

ይህን ክፍል ዘልሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አንባቢ እርሳስ ይዞ እንዲከተለኝ እለምናለሁ፣ የጉዳዩ ውበት ያለው እዚህ ነውና።

የላቲኑን 26 ፊደላት ትተን የራሳችንን ስምንት እንውሰድ፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ። በአንደኛው ምት ላይ ማሽኑ እንዲህ ያጣምራቸዋል እንበል፦ ሀ ከለ፣ መ ከሰ፣ ረ ከበ፣ ተ ከነ። ጥምረቱ በሁለት ወገን ይሠራል፤ ሀ ቢጫኑ ለ ይበራል፣ ለ ቢጫኑ ሀ። መላሹ ያመጣው ጠባይ ነው። በአራተኛው ምት ላይ መዘውሩ ስለዞረ ጥንዶቹ ይለያሉ፦ ለ ከመ፣ ሰ ከረ፣ በ ከሀ፣ ተ ደግሞ እንደገና ከነ።

ጠላፊው ከዚህ አንዱንም አያውቅም። የሚያየው የቴሌግራሙን መጀመሪያ ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ የመረጠው ለ ቢሆን በአንደኛው ቦታ ሀ ይወጣል፣ በአራተኛው መ። ጠላፊው ለ የሚለውን አያይም፤ ነገር ግን «ሀ ብሎ የጀመረ አራተኛው መ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ኦፕሬተር ሰ ይመርጣል፤ ጠላፊው «በመ የጀመረ አራተኛው ረ» ይላል። ሦስተኛው በ ይመርጣል፤ «በረ የጀመረ አራተኛው ሀ»። እነሆ ክቡ ገጠመ፦ ሀ ወደ መ፣ መ ወደ ረ፣ ረ ተመልሶ ወደ ሀ። በሌሎቹ ቴሌግራሞች ለ ወደ በ፣ በ ወደ ሰ፣ ሰ ተመልሶ ወደ ለ ይሄዳል። ተ ወደ ራሱ፣ ነ ወደ ራሱ። ስለዚህ ባለ ሦስት ፊደል ክብ ሁለት፣ ባለ አንድ ፊደል ክብ ሁለት አገኘን።

ክቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መምጣታቸው ድንገተኛ ነገር አይደለም። ፊደላትን ሁለት ሁለት እያደረጉ የሚያለዋውጡ ሁለት ፐርሙቴሽኖች (የፊደል አለዋወጦች) ሲባዙ፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ፣ የሚወጡት ዑደቶች ወይም ክቦች ምንጊዜም እኩል ርዝመት ይዘው ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ሬየቭስኪ ይህንን አረጋገጠ። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ብቻቸውን የቆሙት ተ እና ነ በአንደኛው ምት የግድ እርስ በርስ የተጣመሩ ናቸው። የአንዱ ባለ ሦስት ክብ ፊደላትም የተጣመሩት ከሌላው ባለ ሦስት ክብ ፊደላት ጋር ነው፤ ሀ የሚጣመረው ከለ ወይም ከበ ወይም ከሰ ጋር ብቻ ነው። አንዱን ካወቅን የቀሩት ራሳቸው ይከተላሉ። ያ ሁሉ እንቆቅልሽ ሦስት አማራጭ ብቻ ቀረው።

ከሦስቱ ትክክለኛውን ለመለየት ደግሞ የሰው ልጅ ልማድ ረዳው። ኦፕሬተሮቹ ደክሟቸው ወይም ሰልችቷቸው አንድ ፊደል ሦስት ጊዜ የመደጋገም ጠባይ ነበራቸው፤ በእኛ ቢሆን ሀሀሀ እንደማለት። በሃያ ስድስቱ ፊደላት ክቦቹን ለመሙላት በቀን ከ60 እስከ 80 ያህል ቴሌግራም ይበቃ ነበር፤ ያ ደግሞ በየቀኑ የሚገኝ ነው።

አሁን የመሰኪያ ሰሌዳውን እናስገባ። በስምንቱ ፊደሎቻችን ላይ አንድ ገመድ ሰክተን ሀ እና ተን ብናለዋውጥ ምን ይሆናል? ክቦቹ ተ፣ መ፣ ረ፤ ለ፣ በ፣ ሰ፤ ሀ ለብቻው፤ ነ ለብቻው ይሆናሉ። ፊደላቱ ቦታ ቀየሩ፤ ርዝመቶቹ ግን ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ እንዳሉ ናቸው። ስድስት ገመድም ይሁን ሌላ ቁጥር፣ እንዴትም ተደርጎ ቢሰካ የክቦቹን ርዝመት አይነካም። ያ ከመቶ ቢሊዮን በላይ የሆነ የገመድ አማራጭ በአንድ ጊዜ ከጨዋታው ወጣ። የፐርሙቴሽን ንድፈ ሐሳብ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለጦር አገልግሎት ይውላል ብሎ ያሰበ ግን ማን ነበር?

ዲሴምበር 1932

የስድስቱን ምቶች ጥምረት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የመዘውሩን ሽቦ ማወቅ ሌላ። ሬየቭስኪ ጉዳዩን በስድስት እኩልታዎች ጻፈው። የማይታወቁት ግን በዝተው ታሰረ።

መፍቻው ከበርሊን መጣ። ሃንስ ቲሎ ሽሚት የተባለ በጀርመን መከላከያ ሚኒስቴር የምስጢር ጽሑፍ ክፍል የሚሠራ ሰው ለፈረንሳይ የስለላ ድርጅት ሰነድ ይሸጥ ነበር። ተቀባዩ ጉስታቭ ቤርትራን ነው። ፈረንሳዮቹ በሰነዱ ምንም ማድረግ አልቻሉም፣ እንግሊዞቹም ብዙ አልተደነቁበትም፤ ቤርትራን ለፖላንዶቹ ሰጣቸው። ከሰነዶቹ ውስጥ የሴፕቴምበርና የኦክቶበር 1932 የዕለት ቁልፎች ሰንጠረዥ ነበረበት፤ በዲሴምበር ሬየቭስኪ እጅ ገባ። በዚህ የገመዶቹ አሰካክ ታወቀለትና ከእኩልታዎቹ ውስጥ አንዱ የማይታወቅ ወጣ።

አሁንም መልስ እምቢ አለ። ችግሩ የነበረው ከቁልፎቹ ወደ መዘውሩ መግቢያ የሚሄዱት ሽቦዎች ተራ ላይ ነው። በገበያ ይሸጥ በነበረው ኤኒግማ ላይ ሽቦዎቹ የሚሄዱት በጀርመን ታይፕራይተር የቁልፍ አሰላለፍ ነው፤ ሬየቭስኪም የጦሩ እንዲሁ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። ከዚያ ራሱን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ጀርመኖች ሥርዓት ወዳዶች ናቸው፤ ምናልባት በቀጥታ በፊደል ተራ አድርገውት ይሆን? የመጀመሪያው ፊደል ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው። ሞከረው። ከእርሳሱ ሥር የቀኙ መዘውር ሽቦዎች ቁጥር እንደ አስማት ይወጡ ጀመር ሲል በኋላ ራሱ ተርኳል። በተማረበት ቋንቋ፣ ባደገባቸው ሰዎች ጠባይ ገመተ፤ የቢድጎሽች ልጅነቱ እዚህ ላይ የሠራለት ይመስለኛል።

ዕድልም አገዘው። የመዘውሮቹ ቅደም ተከተል በየሦስት ወሩ ይለወጥ ስለነበርና ሴፕቴምበርና ኦክቶበር በሁለት የተለያዩ ሩብ ዓመቶች ውስጥ ስለሚወድቁ፣ በሁለቱ ወራት በስተቀኝ የተቀመጡት መዘውሮች የተለያዩ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ዘዴ ሁለት መዘውር አገኘ። ሦስተኛውንና መላሹን ለማውጣት ደግሞ በጀርመን መመሪያ ላይ ለምሳሌ ተብሎ የታተመ እውነተኛ ጽሑፍና ምስጢራዊ ግልባጩ ረዳው። ዓመቱ ሊዞር ሲል የጀርመን ጦር መልእክት ይነበብ ጀመር። ሩዢትስኪና ዚጋልስኪ የተጠሩት ይኼኔ ነው። አቫ የተባለው የሬዲዮ ፋብሪካም በሬየቭስኪ ስሌት መሠረት የማሽኑን ቅጂ ሠራ።

ሰባት ዓመት ማሳደድ

ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። ለሦስቱ ጓደኞች ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነበር፤ ጀርመኖች በለወጡ ቁጥር እንደገና ከዜሮ መነሳት ነበረባቸውና።

ሬየቭስኪ ሳይክሎሜትር የተባለ መሣሪያ ፈጠረ። በእሱ እየታገዙ ሦስቱ መዘውሮች ሊቆሙ በሚችሉባቸው 105,456 አቋቋሞች ሁሉ የክቦቹን ርዝመት አንድ በአንድ መዝግበው ካታሎግ አዘጋጁ። ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀ ጣትን የሚያደማ ሥራ ነበር። ካታሎጉ ካለቀ በኋላ ግን የዕለቱን ቁልፍ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያገኙት ጀመር፤ በስምንቱ ፊደላት ያየነው ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ በካርድ ላይ ተጽፎ እንደ መዝገብ የሚፈለግ ሆነ። በኖቬምበር 1937 ጀርመኖች መላሹን ቀየሩ፤ ካታሎጉ በሙሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ ቁጭ ብለው እንደገና ሠሩት። በጃንዋሪ 1938 በተደረገ ፍተሻ ከተጠለፉት የኤኒግማ መልእክቶች ሦስት አራተኛ ያህሉን ያነቡ ነበር።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1938 የቁልፍ አሰጣጡ ራሱ ተቀየረ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሬየቭስኪ ቦምባ የተባለውን፣ የብዙ ኤኒግማዎችን ሥራ በአንድ ላይ የሚሠራ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ማሽን ነደፈ፤ ስድስት ተሠሩ። ዚጋልስኪ ደግሞ ቀዳዳ ያላቸውን ትላልቅ ወረቀቶች ፈለሰፈ፤ ወረቀቶቹ በብርሃን ላይ ሲደራረቡ ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ ቁልፉን ይጠቁማል። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ሺህ ያህል ቀዳዳ አለ፤ የሚበሳውም በምላጭ፣ በእጅ ነው። በዲሴምበር አጋማሽ ጀርመኖች ሁለት አዲስ መዘውር ጨምረው የመዘውር አሰላለፉ ከ6 ወደ 60 ሲዘል የተበሱት ወረቀቶች ገና ሁለት ስብስብ ነበሩ፤ የሚያስፈልገው ስድሳ። የአዲሶቹን መዘውሮች ሽቦ ሳይቀር አወጡት፤ የናዚ ፓርቲ የስለላ ክፍል አሮጌውን የቁልፍ አሰጣጥ ይዞ ስለቆየ በእሱ በኩል ገቡ። ስድሳ ቦምባና ስድሳ ስብስብ ወረቀት ለመሥራት ግን የቢሮው አቅም አልፈቀደም። ፖላንድ ለብቻዋ ልትቀጥል የማትችልበት ቦታ ላይ የደረሰችው ስለ ዕውቀት ማነስ አይደለም። ገንዘብና ሰው ነው ያጠራት።

ፒሪ፣ ጁላይ 1939

ጁላይ 25 እና 26 ቀን 1939 ከዋርሶ በስተደቡብ በጫካ ውስጥ በተደበቀው የፒሪ ጣቢያ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ የመጡ እንግዶች ተሰበሰቡ። ከእንግሊዝ በኩል አላስታየር ዴኒስተንና ዲሊ ኖክስ ነበሩ። ኖክስ በጥንታዊ የግሪክ ጽሑፍ የሠለጠነ፣ ስሙ የገነነ ኮድ ሰባሪ ነው፤ የሬየቭስኪን ዘዴ የሚመስል መንገድ ጀምሮ በዚያችው በመግቢያው ሽቦዎች ተራ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር። ሲገናኙ መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። በፊደል ተራ ነው ተብሎ ሲነገረው፣ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደው። ንዴቱ ግን አልቆየም፤ አገሩ ሲመለስ የምስጋና ደብዳቤና ለሦስቱም የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ያለበት የሐር ስካርፍ ላከላቸው።

ፖላንዶቹ ያላቸውን ሁሉ ሰጡ፦ ዘዴውን፣ የቦምባውን ንድፍ፣ የቀዳዳ ወረቀቶቹን አሠራር፣ ለእያንዳንዱ አገርም አንዳንድ የኤኒግማ ቅጂ። በምላሹ የጠየቁት ክፍያ አልነበረም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። የእንግሊዝ ኮድ ሰባሪዎች ማዕከል የነበረው ብሌችሊ ፓርክ በ1940 መጀመሪያ ላይ ኤኒግማን ሲያነብ ከዜሮ እንዳልጀመረ የሚያስረዳው ይህ ስብሰባ ነው። የቱሪንግ ቦምብ ማሽን በሌላ ሐሳብ የተሠራ የራሱ ፈጠራ ነው፤ እንዲሠራ ግን የመዘውሮቹ ሽቦ መታወቅ ነበረበት፣ ያም ከፒሪ የሄደ ነው።

ስደት

ሬየቭስኪ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ዋርሶ ትቶ ከቢሮው ሰዎች ጋር በሴፕቴምበር መጀመሪያ ወጣ። ልጁ የሦስት ዓመት፣ ሴቷ በዚያው ዓመት የተወለደች ሕፃን ነበረች። ሴፕቴምበር ሳያልቅ ሮማኒያ ገቡ፤ ሦስቱ የሒሳብ ሰዎች ከስደተኞች ማጎሪያ አምልጠው ቡካሬስት ደረሱ። የእንግሊዝ ኤምባሲ ሥራ በዝቶበት ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ አላቸው። የፈረንሳይ ኤምባሲ ግን የቤርትራንን ስም ሲሰማ ወዲያው ተቀበላቸው። ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለ ግቢ፣ በቪኞል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። በጃንዋሪ 1940 ቱሪንግ እንግሊዝ ውስጥ ተበስተው ያለቁትን የዚጋልስኪ ወረቀቶች ይዞ መጣላቸው፤ በዚያው ወር 17 በጦርነቱ ውስጥ የመጀመሪያው የኤኒግማ ቁልፍ እዚያው ተሰበረ። ሬየቭስኪ የ34፣ ቱሪንግ የ27 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ፖላንዶቹ እንደ ታናሽ የሥራ ባልደረባ እንዳስተናገዱት ሬየቭስኪ ተርኳል።

ፈረንሳይ ስትወድቅ ወደ አልጄሪያ ተሻገሩ፤ ከዚያ በሐሰት ስም ተመልሰው ገና ጀርመኖች ባልያዙት በደቡብ ፈረንሳይ በዩዜስ አቅራቢያ በምስጢር ሠሩ። ሬየቭስኪ ፒየር ራኖ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ በወረቀቱ ላይ። አንድ ጊዜ የገዛ ሠራዊታቸው ላሲዳ የተባለውን የፖላንድን የምስጢር ማሽን ፈትኑልን ብሎ ጠየቃቸው። ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ የመጀመሪያውን መልእክት በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ፈቱት።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1942 ሩዢትስኪ ከአልጄሪያ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ ላሞሪሲየር ባሌሪክ ደሴቶች አጠገብ ሰጠመች። 32 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጀርመኖች ደቡብ ፈረንሳይን ሲይዙ ሁሉም ተበተኑ። ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ ጃንዋሪ 29 ቀን 1943 ሌሊት የፒሬኒስን ተራሮች ተሻገሩ። መንገድ መሪው መሐል መንገድ ላይ ሽጉጥ አውጥቶ የቀራቸውን ገንዘብ ነጠቃቸው። ስፔን በገቡ በሰዓታት ውስጥ ታሰሩ፤ በላ ሴው ዱርጄልና በሌሪዳ እስር ቤቶች ሦስት ወር አለፈ። ተለቀው በፖርቱጋልና በጂብራልታር አድርገው በበጋው እንግሊዝ ገቡ። ሌሎቹ ግን አልታደሉም። የቢሮው አለቃ ጊዶ ላንገርና ቼንሽኪ በጀርመኖች እጅ ወደቁ፤ በምርመራ ሥር ሆነው የኤኒግማን መሰበር ምስጢር አላወጡም። ፓሉት በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ሞተ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ አፉን ቢከፍት ጀርመኖች ማሽናቸውን ይቀይሩ ነበር፤ ብሌችሊም በጨለማ ውስጥ ይቀር ነበር።

ቦክስሙር

አሁን የምጽፈው ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝን ክፍል ነው። ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ በእንግሊዝ የፖላንድ ሠራዊት ውስጥ ተራ ወታደር ሆነው ተመዘገቡ። የተመደቡት ቦክስሙር ከምትባል ከለንደን ወጣ ካለች ቦታ ነው፤ ሥራቸውም ኤስ ኤስ የተባለው የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ክፍል በእጅ የሚጽፋቸውን ተራ ምስጢራዊ ጽሑፎች መፍታት ነበር። ብሌችሊ ፓርክ ሩቅ አልነበረም። ኤኒግማን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበረው ሰው ግን ወደዚያ በር አልቀረበም፤ እዚያ ምን እንደሚሠራም አልተነገረውም። በናዚ በተያዘ አገር የቆየ ሰው ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል የሚል ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። ያም ሆኖ ጥንቃቄው አእምሮን ማባከን ነበር ብዬ ከማለት አልመለስም።

ኖቬምበር 1946 ወደ ፖላንድ ተመለሰ። ዚጋልስኪ እንግሊዝ ቀርቶ የሒሳብ መምህር ሆነ። ሬየቭስኪ የተመለሰው ሰባት ዓመት ላላያቸው ሚስቱና ልጆቹ ነው። በቀጣዩ በጋ የ11 ዓመት ወንድ ልጁ በፖሊዮ ሞተ። የቀድሞ ፕሮፌሰሩ የዩኒቨርሲቲ ሥራ እንዲይዝ ወተወቱት፤ እሱ ግን ከሚስቱና ከቀረችው ልጁ እንደገና መለየት አልፈለገም፤ ቢድጎሽች ውስጥ ባለ የኬብል ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል ተቀጠረ። ከምዕራብ አገር የተመለሰ ወታደር ስለሆነ የኮሚኒስቱ መንግሥት የጸጥታ ሰዎች ለዓመታት ይከታተሉት ነበር፤ በ1950 ከፋብሪካው አስወጡት። በሂሳብ መዝገብ ቁጥጥር ሥራ ላይ ኖሮ በ1967 ጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ምን እንደሠራ ጸጥታው አላወቀም፤ እሱም አልተናገረም። ጡረታ የወጣበት ዓመት ትዝታውን ጽፎ በወታደራዊ ታሪክ ተቋም አስቀመጠ።

በ1973 ቤርትራን ስለ ኤኒግማ መጽሐፍ ሲያወጣ የዓለም ጆሮ ወደ ጉዳዩ ዞረ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዞቹም ስለ ብሌችሊ ፓርክ መናገር ጀመሩ። ከታተመው ውስጥ ብዙው የፖላንዶቹን ድርሻ የሚዘልል ወይም የሚያዛባ ነበር። ሬየቭስኪ በሰባዎቹ ዕድሜው እስክሪብቶውን አንስቶ እያረመ፣ እኩልታዎቹን እንደገና እየጻፈ መልስ ሰጠ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1980 በ74 ዓመቱ ከገበያ ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ሞተ። እንግሊዝ የጦርነቱን ሜዳይ ለሴት ልጁ ያስረከበችው በ2005 ነው።

ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት ግን አንድ ሥራ መጥቶለት ነበር። አሜሪካ የሚገኘው የፒውሱድስኪ ተቋም የፖላንድ የነጻነት ትግል መሪ የነበረው ዩዜፍ ፒውሱድስኪና የትግል ጓዶቹ በ1904 በምስጢር የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች እንዲፈታለት ጠየቀው። የጻፏቸው ሰዎች ሁሉ አልፈዋል፤ ቁልፉን የሚያውቅ በሕይወት የለም። ሬየቭስኪ ደብዳቤዎቹን ተቀብሎ ተቀመጠና ፈታቸው።